ሐመሩ ሐ

አባታቸው ሌሊት ኮከብ ጠብቆ አድሮ፣
ሲነጋ ይገባል ዐይኑ ላይ ደም ቋጥሮ።
መስኮቱን ጋርዶ ይተኛል በቀን፤
እኛም ወጥ ቤት ገብተን፣
በሩን ገርበብ አርገን፣
በሹክሹክታ ትምህርት እንጀምራለን።

ምጽፔ ራሞን ነው። ከተማው ሲያበቃ
መሬቱም ያበቃል፤ ገደል ነው፣ በቃ።
ነፋሱ ከገደል ሽቅብ ይጋልባል፣
ያሰጣሁት አንሶላ አቧራ ይለብሳል።

አንድ ነው ጠረጴዛው፤
ሽንኩርት መክተፊያው፣ ፊደል መቁጠሪያው።
ከገበታው መሐል የ«ቸ» ቤት በሙሉ
ዘይት ጠጥተው ደብዝዘዋል ሁሉ።

ኪሩቤል፣ አራት ዓመቱ፣ እርሳሱን ሲጨብጥ
ምላሱም ትወጣለች ከእጁ እኩል ልትሮጥ።
ከጎረቤት ልጆች አይቶ ነው መሰለኝ፣
ከቀኝ ወደ ግራ «ቤት» ጽፎ አሳየኝ፤
ከግራ ሳነበው «ትቤ» ሆነብኝ።
በግዕዝ «አለች» ነው።
ማን አለች? ምን አለች? ሳላርመው ተውኩት፣
ከማቀዝቀዣው በር በሙጫ ለጠፍኩት።

«ዋ» ላይ ስንደርስ፣ ሥዕሉ ዋልያ ነው፤
ከደጅም ቀንዳሙ ሣር ሲግጥ አየነው።
«ዋልያ!» አለ በሹክሹክታ።
«ዘመዱ ነው» አልኩ።
«እሱ ራሱስ የት ነው?»
በደቡብ በኩል ያለው ማቀዝቀዣው ነበር፤
ጣቴን ወደዚያው ቀሰርኩ።

አራት ሰዓት ሲሆን መዋዕለ ሕፃናቱ
ከመንገዱ ማዶ ይፈነዳል ጩኸቱ።
ወንበር ላይ ይወጣል ኪሩቤል ለማየት፣
አፍንጫውን ለጥፎ ከመስኮት መስታወት።
ያኔ ነው የሚከዳኝ፣
«ሁለት ዓመት ቀርቶናል፤ ሀገር ስንገባ
ፊደል የማያውቁ እንግዳ እንዳይሆኑ» ብዬ
ፈቃድ ስለምን፣ በማመልከቻዬ
የደረደርኩት ቃል።
እውነት ለማን ብዬ?
ለነሱ? ለራሴ? ለእናቴ? ለእግዜር?
ኪሩቤል ይወርዳል፤ ምንም አይናገር።

ሕሊና ሰባት ናት፤ እሷ ትናገራለች፤
በሹክሹክታም ቢሆን ትሟገታለች።
«እማ፣ ስሜ ላይ ያለችው፣ ይቺ ሐመሩ ሐ፣
ከሀሌታው ሀ በምን ትለያለች?
ድምፃቸው አንድ ከሆነ ምን ትሠራለች?»

«እንዲያ ነው ሲጻፍ» አልኳት።
እኔም ደብረ ታቦር፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣
ከጋሽ ይልቃል አፍ ይቺኑ ነው የሰማሁ።
መልስ አልነበረችም። ያኔም አውቄያለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ጎረቤት።
ከላያችን የምትኖር አሮጊት የመናዊት፣
አራት ሎሚ በሳህን ይዛ።
«ሐማማ እባላለሁ» አለች፣ ወንበር ስባ።
እንደኛ ግን አላለችውም።
ከጉሮሮዋ ሥር፣
መስታወት ሊጠርግ ሰው እንደሚተነፍሰው፣
ትኩስ፣ ሻካራ፣ እርጥብ አየር፦
ሐ።

ሕሊና ደብተሯን ጣለች።
«ድገሚው!»
ደገመችው።
«የኔንም ስም እንደዚያ ጥሪው» አለች፣ በሰባራ ዕብራይስጥ።
አሮጊቷ ሳቀች፤ ጠራቻት፦
«ሕሊና።»
ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስጠራት
አንድም ቀን እንዲህ አልጠራኋት።

ልጄ ጮኸች። ጮኸች! የቤቱን ሕግ ረስታ፣
የፊደል ገበታውን ከግድግዳ አንሥታ፦
«ይቺ ናት፣ እማ! አገኘናት!»

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። አባት፣
ጸጉሩ ቆሞ፣ ባንድ እግሩ ብቻ ካልሲ፦
«ምን ጠፋ?»
«ምንም አልጠፋ! ሐ ተገኘች!»
«ከየት?»
«ከሦስተኛ ፎቅ።»

አንድ ሎሚ አንሥቶ አሸተተና
ተመልሶ ተኛ።
ኪሩቤል ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣
ማንኪያ ላይ እየተነፈሰ፣ ቀስ ብሎ፦
ሐ፣
ሑ፣
ሒ…
ማንኪያው ጉም ለበሰ።