ሦስት ስልክ፣ አንድ ባና

መብራት ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ፤ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል አሉን፤
ጣራ ላይ ያለች፣ ትሪ የምታህል ሶላር ብቻ ናት የቀረችን።
ጉም ሲገልጥላት፣ ከረፋድ ወዲያ፣ ለቅማ የምትሰጠው
ለአንድ አምፖልና፣ ቢተርፍ ለአንድ ስልክ፤ ከዚያ ያለፈ የለው።

ወንድሜ ካዲስ አበባ መጣ፣ ትናንት በዘጠኝ ሰዓት፤
በደረት ኪሱ አይፎን ይዞ፣ በአፉ ሺህ ጉዳይ፣ ሺህ ምክንያት።
ሶላሯን አየ። ማንንም ሳይጠይቅ ገመዱን ሰካ፣
የኔን ስልክ ነቅሎ።
                         ነገሩ የዚያን ጊዜ ተነካካ።

ማታ እሳት ዳር ሆነን ክርክር ተነሣ፦ የማን ስልክ ይሻላል?
«የኔን እይው» አለ፣ «ገና ሳትጨርሺ ቃሉን ይገምታል፤
‹እንዴት› ስትይው ‹አደራችሁ› ብሎ ቀድሞሽ ያመጣል።»
«የኔዋ ቴክኖ ሁለት ቀን ታድራለች፣ ሲከፋም ቀን ተኩል፤
ደስ ይለኛል ደግሞ፣ ‹ለ›ን ጫን ሳደርጋት
ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የቤተሰቡ ሰልፍ ብቅ ሲል።»

ያልነገርኩት ነገር፦
ባለፈው ክረምት ከበቅሎ ጀርባ ወድቃ
መስተዋቷ በግራ ጥግ በኩል እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቃ
እዚያች ስንጥቅ ላይ ያረፈ ፊደል ቢጫኑት አይሰማም፤
ንጉሡ ሠ እዚያ ነው።
ከዚያ ወዲህ ስልኬ ንጉሥ አያውቅም።

አባባ፣ ጸሐፊ እንግዳወርቅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአውራጃ ፍርድ ቤት
የጽሕፈት መኪና ሲቀጠቅጡ ኖረው ጣታቸው የጎበጠበት፣
ባናቸውን ደርበው ሰሙን፣ ሰሙንና ሳቁ።
«እኔ ኖኪያዬን ቅዳሜ ለቅዳሜ ነው የምሞላት፤ ይህን እወቁ።
ችግሯ አማርኛ አታውቅም፤ በፈረንጅ ፊደል ጻፍ ትለኛለች፤
እምቢ እላታለሁ፤ እሷም ሳትቀየም ባትሪዋን አብርታ ዝም ትላለች።»

ሊነጋጋ ሲል ወንድሜ ወጣ፤ ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ነው፤
ለምስር ነጋዴ ዋጋ ሊልክ፤ ቀድሞ የጻፈ ነው የሚያሸንፈው።
ሣሩ ነጭ ነው። ውርጩ ከጫማ ሥር እየተሰበረ ይጮኻል።
አርባ ከመቶ አለሁ ያለው ስልክ ድንገት ጠቁሮ ጭጭ ብሏል።
«አርባ እያለው!» እያለ ተመለሰ፣ ዘመድ እንደ ካደው ሰው፤
ያ ቃል ገማች፣ ያ ብልህ መጻፊያ፣ አንዲት ፊደል አልቀረው።
ከሶላራችን የጠጣው ሁሉ ውርጭ ላይ ፈሶ ቀረ።

ስልኬን ሰጠሁት።
አሥራ አንድ ከመቶ።
ከፈተና ስሙን አየው፣ እኔ እንደ መዘገብኩት፦
ሰረቀብርሃን። በእሳቱ ሰ።

«አምጪ እስቲ» አሉ አባባ፤ ኖኪያቸውን አብርተው አነበቡ።
«እኔ ያወጣሁት በንጉሡ ነው፦ ሠረቀ፣ ብርሃን ወጣ!
አንቺ በእሳቱ ጽፈሽ ልጄን ሌባ አደረግሽው፤ ይኸው ጣጣ።»
ሶላሯን አየሁ። ገመዱን አየሁ።
«አልተሳሳትኩም» አልኳቸው።
ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሳል እስኪይዛቸው።

ወንድሜ ቴክኖዬን ይዞ ዳገቱን ሮጠ፤ ሠ አያሻውም ዋጋ፤
አባባ የሞተውን ስልክ ከባናው ሥር፣ ከደረታቸው አስጠጉ።
«ይህ አልሞተም፤ በርዶት ነው። የጽሕፈት መኪናዬም በኅዳር
ዘይቷ ረግቶ ፊደል አላነሣ ስትል፣ ከምድጃ ዳር
አሳድራት ነበር። ይግባኝ የሚጠብቅ ሰው ደጅ ቆሞ፣
እኔ መኪና ሳሞቅ። ማን ያምናል?»

ወንድሜ ተመለሰ። ዋጋው ደርሷል፤
ስልኬ ስምንት ከመቶ ቀርቷታል።
ማንም ሳይናገር
ከጥቁሩ ሱፍ ውስጥ አንድ ነገር በራ፤
ብርሃኑ በባናው ቀዳዳ ሾልኮ የአባባን ጢም አበራ።

«አሁን» አሉኝ፣ «አሁን በንጉሡ ነው። አስተካክለሽ ጻፊው።»

ጣቴን ስንጥቋ ላይ አሳረፍኩ፤
ጫንኩ።
ደግሜ ጫንኩ።