አልታየም

ከሚርባጥ በስተጀርባ፣ ከሰምሃን ገደል ሥር፣
ሃያ አንድ ካሜራ አለኝ ድንጋይ ላይ የማስር።
ሥራዬ ይኸው ነው፦ ባትሪ መቀየር፣
ካርድ ማውጣት፣ ማስገባት፣ ሌሊት መደመር።

አራተኛው ጣቢያ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።
ግመል። ጃርት። ግመል። የኔው ጫማ። ከዚያ
የኸሪፍ ጭጋግ ብቻ መስተዋቱ ላይ አድሮ።

«ነብር የለም» ብዬ ልዘጋው ስነሳ
ዶክተር ሙሰለም ሳቀ፤ እስክሪብቶዬን ነሣ፦
«አልታየም በል እንጂ! የለም ማን አለህ?
ሌንስህ ፊት ለፊት ሲያይ በጎን ቢያልፍህ?
ሁለት ነው ግምቱ፦ መኖር አለመኖሩ፣
ደግሞም፣ ቢኖር እንኳ፣ ከዐይን መሰወሩ።
ስድስቴ ተመለስ። አንዴ ብቻ ቢመጣ፣
ያለፈው ባዶ ሌት ሁሉ
የሱ መቅረት ሳይሆን የዐይናችን ነው ጣጣ።»

ማታ የራሴን ደብተር ገለጥኩት።
ሰላላህ፤ አረንጓዴው በር፤ ሦስት ዐርብ ያንኳኳሁት።
ስልኳ ከጠፋ ወዲህ፣ ዘቢደር፣ እህቴ፤
«ማፊ!» አለኝ ዘበኛው፣ ጥያቄው ሳይወጣ ካንደበቴ።
«የለችም» ብዬ ነበር የጻፍኩት።
ሰረዝኩት።
አልታየችም። ጉብኝት፦ ሦስት።

በአራተኛው ዐርብ ደወሉን ተጫንኩ።
ዘበኛው ያንኑ አለ፤ እኔም አልተከራከርኩ።
ከፎቁ መስኮት ላይ መጋረጃው ጫፉን ሰብሰብ አለ፤
ነፋስ ይሁን ጣት ይሁን፣ ማን ለይቶ ማለ?
መንገድ ተሻግሬ፣ ግንብ ተደግፌ ጻፍኩ፦
ዘጠኝ ከሩብ። እንቅስቃሴ። ያልተረጋገጠ።

ሁለት ጉብኝት ይቀራል።