ውል

ማሪካኦ ዳገቱ ላይ፣ ደመና የሚተኛበት፣
ዘጠኝ መደብ ችግኝ ነበር፣ እኔ ውሃ የማጠጣበት።
ጥድ ነው አሉ፤ ከሰሜን አገር በከረጢት የመጣ ዘር፤
በቀለና፣ ጣት አከለና፣ ቀጥ አለ እንደ ሙት አጥር።
ቅጠሉ ወይን ጠጅ መሰለ፣
ጫፉ ደርቆ ተቃጠለ።

ኢንጂነር ፓላሲዮስ፣ መነጽሩን እየወለወለ፣
«የጎደለው ፎስፈረስ ነው» አለ።
ማዳበሪያ በተነለት፤ ዝናብ አጥቦ ወሰደበት።
ኖራ ሞከረ፤ ጥላ ሞከረ፤ የፈረስ ፋንድያ ሞከረ፤
መዝገቡ ላይ የሙታን ቁጥር በየሳምንቱ ጨመረ።

እኔ ምን አውቃለሁ? የአገዳ ቆራጭ ሚስት ነበርኩ፤
የስኳርን መንገድ ብቻ ነው አጥርቼ የተማርኩ፦
ከማሳ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ መርከብ፤
ወርዶ የቀረ ነው ስኳር፤ የለውም ተመላሽ ሒሳብ።
ባሌ ኤውሎሂዮ ሃያ ሁለት ዓመት አገዳ ሲጥል፣
የተመለሰለት አንድ ነው፤ ሌሊት የማያስተኛ ሳል።

የእህቴ ልጅ ኦኖፍሬ፣ በመርከብ ከሰል የሚማግድ፣
ለገና ብሎ አመጣልኝ፣ በስብ ጣሳ፣ ትንሽ ጥድ፤
ጣሳው ዝጎ፣ አፈሩ ጠቁሮ፣
ሽታው እርጥብ የወደቀ ግንድ።
ሦስቱ ነገሥታት አለፉ፤ ልጆች ለግመሎቻቸው
ያኖሩት ሣር ደረቀ በየጫማ ሣጥናቸው።
ጥዱን ግን መጣል ፈራሁት፤
ከስድስተኛው መደብ ጥግ ማንም ሳያይ ተከልኩት።

በግንቦት ያ ጥግ ለመለመ።
መጀመሪያ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱ ጎረቤት፤
ወሬ እንደሚሄድ ሄደ፣ በአፈር ውስጥ፣ በለሆሳስ አንደበት።
ዝናብ አይደለም፤ ዝናብማ ለሁሉም እኩል ዘነመ።

አንዷን ነቀልኩ፣ ይቅር በይኝ ብዬ።
ሥሯ እንደ እህቶቿ የአይጥ ጭራ አልነበረም፤
አጥሮ፣ ወፍሮ፣ እንደ ጫጩት እግር ተከፍሎ፣
ነጭ ድር ከላዩ ተጠቅልሎ።
የድሩን ውል ብፈልገው፣ ብፈልገው፣ አጣሁት፤
የት ላይ ሥሩ እንደሚያበቃ፣ የት ድሩ እንደሚጀምር
በጥፍሬ እንኳ አልለየሁት።

«ሻጋታ!» ጮኸ ኢንጂነሩ። «በሽታ ነው የሚዛመት!
ነገ ጠዋት ጥጉን በሙሉ ጋዝ አርከፍክፋችሁ አቃጥሉት!»

ነገ ጠዋት አለ እንጂ፣ ሌሊቱን መቼ ወሰደው?
የባሌን ፋኖስ ለኩሼ፣ የሾርባ ማንኪያዬን ይዤ፣
ከዚያ ጥግ አፈር ጭሬ፣ በሽርጤ ጠቅልዬ፣
ለየችግኙ አንድ ማንኪያ፣ እንደ ታመመ ሕፃን፣
«ዋጪ» እያልኩ አጎረስኳቸው።
ኮኪ፣ ኮኪ ይላሉ እንቁራሪቶቹ፣
ምስጢሬን ሊያወጡ እንዳሰቡ።
ስምንቱ መደብ ሲያልቅ ጎሕ ቀደደ፤
በማለዳው ጥጉ ነደደ፤
የኦኖፍሬ ጥድ አብሮ ነደደ።

ዛሬ ዛፎቹ ከቤቴ ጣሪያ በላይ ናቸው።
በዝናብ ማግስት ከሥራቸው
ቡናማ እንጉዳይ ብቅ ይላል፤
የራሱ ጉዳይ እንዳለው ሰው፣ ሰላም ሳይል ያልፋል።
ከሪዮ ፒየድራስ የመጣች ተማሪ፣ ሉትጋርዳ የምትባል፣
አጉሊ መነጽር አስያዘችኝ፦
ዛፉ በፀሐይ የሠራውን ስኳር ቁልቁል ለድሩ ይልካል፤
ድሩም ሥር የማይደርስበት ስንጥቅ ገብቶ፣
ውሃና ፎስፈረስ ለቅሞ ይመልሳል።
«ሁልጊዜ ግን አይደለም» አለች፤
«ወስዶ የሚቀር ድርም አለ።»
አውቃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሰው እኔም ቤት ውሎ ያውቃል።

ቢሆንም እዚያው ቁጭ አልኩ፤ ዕንባዬ ሳላስበው መጣ።
ስኳር ሄዶ ሲመለስ በዕድሜዬ ያኔ ነው ያየሁት፤
«ብድር በምድር» የሚሉት፣ ለካስ ቃል በቃል ኖሯል፤
ያለ ዳኛ፣ ያለ ፊርማ፣
እግሬ ሥር፣ በጨለማ።

«በማዳበሪያና በትጋት» ይላል የመንግሥቱ መዝገብ።
ይበል።
የኔ ማንኪያ አንገቷ ጎብጧል፤
አሁንም ሾርባ የምጠጣው በሷ ነው፤
አንዳንዴ፣ የቱንም ያህል ባጥባት፣
ጥርሴ ላይ አንዲት ቅንጣት ቀጭ ትላለች።