ቀዘቀዘ ብዬ ጻፍኩ

ደብረ ማርቆስ፣ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ ከዋንዛው ሥር፣
የእኔ ሥራ ይህ ነበር፤ የዓለምን ወሬ በጠመኔ መዘርዘር።
ሬዲዮኑ ባትሪው ሲደክም ይስላል፣ ይንተባተባል፤
ጆሮ የያዘው ይጻፋል፣ ያልያዘው ይገመታል።

በሠላሳ ሰባት ነሐሴ ሁለት ከተማ ነደደ፤
ያንንም ጽፌ ነበር፤ ዝናቡ አጥቦት ሄደ።

ሺ ዘጠኝ መቶ አርባ፣ ሰኔ ሲያጉረመርም፣
አንድ ቃል መጣብኝ፣ ሰምቼው አላውቅም፦
«ቀዝቃዛ ጦርነት»።
ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቀረሁ፣ ደርቄ እንደ ግንድ።
በእኛ አገር ነገር ቀዘቀዘ ከተባለ
ሽማግሌ ገብቷል፣ ጉማ ተከፍሏል፣ ደም ደርቋል።
ስለዚህ ጻፍኩ፣ በትልልቅ ፊደል፣ እጄ ሳይርድ፦
«የአሜሪካና የሩስያ ጦርነት ቀዘቀዘ።»

እትዬ አትጠገብ ፊደል አታውቅም፤ አላፊ አስነበበች፤
«ተመስገን» ብላ መሬት ሳመች።
ጦር ከበረደማ ወታደርነት ምንድን ነው? ደሞዝ ነው፤
አንድ ልጇን፣ ልየውን፣ ለክቡር ዘበኛ ሸኘችው።

ስለ ሰውየውም ጻፍኩ፣ ስለ መነጽራሙ ፕሬዚዳንት፤
ኮፍያ ቸርቻሪ ነበር አሉ፣ ሱቁ የከሰረበት፤
አለቃው ድንገት ሞተና ዓለም እላዩ ወደቀበት።
ጠረጴዛው ላይ አለች አሉ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ፣
«ከእኔ ወዲያ የሚላከክ የለም» የምትል፣ ለሹምም ለእንግዳ።
እኔም ሰሌዳ አለኝ፤ ማታ ማታ የሚጠረግ፣
ስህተቴን በእርጥብ ጨርቅ የሚሸሽግ።

እዚሁ ጎዛምን ደግሞ ግራዝማች ቢምረውና ባላምባራስ ሙጬ፣
በጣልያን ጊዜ ጮቄ ዋሻ ውስጥ በአንድ ቁና በሶ ያደሩ፣
ጠላት በወጣ ማግስት በአንድ ድንበር ድንጋይ ተቃቃሩ።
አልተኮሱም። ጥይት ግን ገዙ፤ አንዱ ሲገዛ ሌላው ይጨምራል፤
ዝናሩን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ እህል የሚያደርቅ ይመስላል።
መሃል ያለው ሁለት ጥማድ መሬት ሰባት ዓመት ጦም አደረ፤
ሙጃ ዋጠው፣ ቀበሮ ወለደበት፣ ጭሰኛው ተቸገረ።
አንዱ ለዚህኛው ዘር ይሰጣል፣ ሌላው ለዚያኛው በሬ፤
ደግነት መስሎኝ ነበር፣ ወዳጅ መግዣ መሆኑን ሳላውቅ እስከ ዛሬ።

ያኔ ገባኝ ቃሉ። ዘግይቶ ነበር።

በአርባ ሦስት ሚያዝያ ልየው ኮርያ ሄደ፤
በዚያው ሳምንት ሰውየው ጄኔራሉን ከሹመት አወረደ።
ከተማው ሰሌዳዬን ከቦ ጉድ አለ፦
«ያን ሁሉ ጦር ይዞ፣ ተሽሮ፣ ጫካ ሳይገባ ዋለ?»
«አልሸፈተም?»
«አልሸፈተም። አውሮፕላን ተሳፍሮ ቤቱ ገባ።»
መሪጌታ ድንበሩ ሳቀና፣ «ይሄማ ምን ይደንቃል፤
ኮፍያ ሲሸጥ የኖረ ሰው የራስ ልክ ያውቃል።»

አትጠገብ አልሳቀችም።
ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ዓይኗ ብቻ ጠየቀኝ።
«ልየው» ትላለች፤ ስሙም ይኸው፣ ልመናዋም ይኸው፤
ፖስታ ቤት ትመላለሳለች፤ የሚነግራት የለም ሰው።

ተመለሰ፤ በሕይወት። በግራ እግሩ ሦስት ጣት የለም፤
ጥይት አልነካውም፤ በረዶ ነው የቆረጠው፣ ሳያፈስ ደም።
እጁን ይዛ አመጣችው፣ ሰሌዳው ፊት አቆመችው፤
ጫማውን አስወለቀችው።
«አንተስ አልዋሸህም» አለችኝ። «ቀዝቃዛ ነበር።»

ሰሙ የቱ፣ ወርቁ የቱ? መሪጌታም ዝም አለ።

ያን ማታ ሰሌዳዬን አልጠረግሁም።
ከዜናው ግርጌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስሜን ጻፍኩበት፦
ጸሐፊ አላምረው ጓዴ።

ሌሊቱን ዘነበ።