ሐረጎ ላይ ግድግዳ

ሦስት ክረምት ፈጀብኝ ይህ ጌም እስኪሠራ፣
ቧንቧ ውሃ፣ አበጋዝ ፕሌይስቴሽን ቤት ጓሮ፣
ከማይታመን መብራት፣ ከጄኔሬተር ጋራ።

ጨዋታው ቀላል ነው፦
ሰማያዊ ባጃጅ፣ ዣንጥላ የያዘ አንድ ተሳፋሪ፣
ከሸዋ በር ኮምቦልቻ፣ አምስት ደቂቃ ቆጣሪ፤
ከላይ ቢጫ ቀስት «በዚህ ታጠፍ» ባይ፣
ከዳር የጦሳ ጉም፣ ገደሉን ሸፍኖ እንዳይታይ።

ጉሙ ግን ጉም አይደል። ግድግዳ ነው ከኋላው፤
እኔው ነኝ የገነባሁት፣ ተጫዋች እንዳያልፈው።
ከዚያ ወዲያ ምንም አልሠራሁማ፤
አለመሥራቴን ደግሞ ማንም እንዳይሰማ።

ቅዳሜ ዘምዘም መጣች፣ የአበጋዝ የእህት ልጅ፣ አሥር ዓመት ያልሞላት፤
ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይነካም።
ጆይስቲኩን ሰጠኋት።
ነዳች እስከ ሐረጎ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ አቆመች።
ቀስቱ ብልጭ ይላል፣
እሷ ቁልቁል ታያለች።

«እዚህ ጋ መውረጃ የለውም?»
«የለውም።»
«ያቺ ቤትስ፣ ቆርቆሮዋ የሚያበራው?»
«ሥዕል ናት።»
«በሯስ?»
«እሱም ሥዕል።»
«ታዲያ የማይከፈት በር ለምን ሠራኸው?»

ሰዓቱ አለቀ። «ተሸንፈሃል» አለ ስክሪኑ በቀይ
(ሴት ልጅ ትጫወተዋለች ብዬ መቼ አስቤ!)፤
ዘምዘም አልሰማችም፣
ጉሙን በባጃጅ አፍንጫ ትገፋለች፣ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከላይ።

ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ።
ልጅ ሆነን፣ ሆጤ ላይ፣ ጉም እንዲህ ሲወርድብን፣
መንገድ ጠፋ ብለን መቼ ቆመን?
በሰው አጥር ሾልከን፣ በውሻ ተባረን፣ አንድ እግር ጫማ ጥለን
ረግጠነው የማናውቅ ሰፈር እንወጣ ነበር፤
ማን ነበር ያኔ ቀስት ያሳየን?

ግድግዳውን አጠፋሁት። አንድ መስመር ነው፣ አንድ ሰከንድ።
ባዶውን መሙላት ግን
ለቤቷ ወለል፣ ለበሯ ማጠፊያ፣ ለቦርከና ውሃ፣
ስንት ሌሊት ፈጀ!
ተሳፋሪዬ መሬት ሰንጥቆ ወደቀ በመጀመሪያው ቀን፤
ዣንጥላው ብቻ ቀረ ሜዳ ላይ ተንሳፎ።
ቀስቱንም አነሣሁት፣
ካነሣሁ አይቀር ብዬ።

ጥር ላይ ተመለሰች።
ባጃጁን ገፍታ ቦርከና ውስጥ ጣለችው፣ ድልድይ አደረገችው፤
እኔ ያላሰብኩትን፣ ኮዱም ያልከለከለው።
ተሳፋሪውን በላዩ አሻግራ፣ በሯን ከፍታ፣ አስቀመጠችው ከጥላ።
«ኮምቦልቻ ትቆየው፤ ደክሞታል»
አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለሱ አዝና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አሁን ደግሞ አንተ።»
ነዳሁ። ከሸዋ በር ቁልቁል፣ በጥቁሩ አስፋልት፣
ግራ ሳልል፣ ቀኝ ሳልል፣ ሰዓት ሳላባክን፣ ልክ እንደ ድሮው።
ዘምዘም በሳቅ ፈነዳች፦
«ቀስቱን እኮ አጥፍተኸዋል!
ማንን ነው የምትከተለው?»