አልሚ

ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤ ከተማው በሰዓት የሚከፍለኝ፣
«አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» የሚል ወረቀት ያስፈረመኝ።
ዛሬ ማታ በሬኒየር ጎዳና፣ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
የፕላን ኮሚቴው ተሰይሟል፣ አምስት ሰው ከጠረጴዛ ፊት።
ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ትንሽዬ መብራት አለች፣
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ መኪና በሌለበት ሰው የምትነዳ ነች፤
ሁለት ደቂቃ ለአንድ ሰው፣
አርባ ዓመት የኖረም ያው፣ ትናንት የመጣም ያው።

ነገሩ ስለ አንዲት ጥግ ነው፤ የቱየት ላውንደሪ ካለበት፣
ከጎኑ ባለው ፓርኪንግ ታክሲዎች ፈረቃ ከሚጠብቁበት፣
ከአጥሩ ላይ ነጭ ሰሌዳ፣ የበር ቁመት ያለው፣ ከሰቀሉበት።
«የመሬት አጠቃቀም ለውጥ» ይላል፤ የቀረው ጽሑፍ ደቃቃ ነው፣
ዝናቡ ግማሹን በልቶት፣ ግማሹን ነው የምናነበው።

ጠበቃው ቆመ፤ ጫማው ጭቃ አያውቅም፤ ስላይዱን አበራ፦
ሰባት ፎቅ፣ መቶ አራት አፓርትማ፣ ጣሪያው ላይ አትክልት የተዘራ።
በሥዕሉ ውስጥ ሰዎች አሉ፣ ውሻ የሚያንሸራሽሩ፤
ዝናብ አይዘንብባቸውም፤ በየትኛው ሲያትል ይሆን የሚኖሩ?
«በዲሴምበር እኩለ ቀን ላይ ጥላው መንገዱን ይሻገራል፣
ከማዶ ካሉት ቤቶች ላይ ለጥቂት ሰዓት ያርፋል።»
«ጥቂት» ብዬ ተረጎምኩት፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፣
ከቤቶቹ አንዱ የሚስተር ክላረንስ መሆኑን አልተናገርኩም።

ክላረንስ ተነሣ በተራው፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣
መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከመብራቷ ላይ ተክዞ።
«አባቴ ይህን ቤት ሲገዛ ሌላው ሰፈር ተከልክሎ ነው፤
ያኔ ‹ከዚህ አትውጡ› አላችሁን፤ ዛሬ ‹ውጡ› የምትሉን ምነው?
የቱን ነው...» ሲል ቀዩ በራ። ማይኩ ጠፋ፤ አፉ ግን ይንቀሳቀስ ነበር፣
ድምፅ የሌለው ዓረፍተ ነገር፣ የማንም ቋንቋ ያልሆነ ነገር።

ቀጥሎ ወይዘሮ ውዳላት፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣
ቀስ ብለው ተነሡ፤ ማይኩ ረዘመባቸው፣ እኔ አወረድኩላቸው።
ጠበቃውን ጠቁመው፣ «ማነው ይህ?» «የአልሚው ጠበቃ ነው» አልኳቸው።
«አልሚ? እኔን ነው የሚሉኝ? ከመቼ ወዲህ ነው ያዘኑልኝ?
እኔማ ሳልታዘዝ አልማለሁ፤ ሌሊት ሌሊት እዚያው ጥግ ላይ ነኝ፦
የቱየት ማሽን ይዞራል፣ አንሶላዬ ይሞቃል፣ ደጁም እንዳለ ነው፣
በመስኮቱም ተራራው አለ፤ ‹ዛሬ ወጥቷል› ይላል ሰው።
ስነቃ ግን ኪራይ ነው። ጨመረ። ሦስቴ በሁለት ዓመት።
በሉ እናንተም አልሙ እንግዲህ፤ ግን በራሳችሁ እንቅልፍ፣ በራሳችሁ ቤት።»

አረንጓዴው ሊያልቅ ነው፤ ይህን ቃል እንዴት አድርጌ ላድርስ?
በአማርኛ አንድ ጎጆ ነው፤ ማዶ ሲሻገር ለሁለት የሚፈርስ።
ወርቁን ብይዝ ሰሙ ቀለጠ፣ ሰሙን ብይዝ ወርቁ ተቀበረ፤
ቢጫው በራ። «ኪራይ በዛብኝ ይላሉ» አልኩ፤ ሌላው ቀረ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ ከመቶ አራቱ ዘጠኙ ቤት
ኪሱ ለሳሳ ሰው ነው፣ በዕጣ፤ ስንቱ ተመዝግቦ ይሆን ለዘጠኝ መዝጊያና መስኮት?
ስሜ አለበት። ባለፈው ሐሙስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሞላሁት፣
ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ፤ ነቅቶ «ምንድነው?» ሲለኝ፣ «የሥራ ነው» ብዬ ዋሸሁት።

ሊቀ መንበሯ «ሐሳባችሁ ተመዝግቧል» አለች፣
መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ መልሳ አደረገች፤
«የእኛ ሥልጣን ስለ ጡቡ ቀለም፣ ስለ መስኮቱ ቅርፅ ነው፣
የቀረው በሕግ ተወስኗል።» ታዲያ እስካሁን የተናገርነው?
አራት ለአንድ። ፈቃድ ተሰጠ። ጡቡ ከቡኒ ወደ ግራጫ ተቀየረ፤
የሰፈሩ ቁጣ በሙሉ በአንድ ባልዲ ቀለም ተመነዘረ።

«ምን አሉ?» አሉኝ ውዳላት። «ፈቃድ ሰጡት» አልኩ ቀስ ብዬ።
«‹ፈቃድህ ይሁን› ስል የኖርኩት ሰማይ ላለው ነው፣ ልጅዬ፤
ይኼኛው ምድሩን ጨርሶ በሰባት ፎቅ ሰማይ ሊገባ ነው?» ብለው ሣቁ።
የሚተረጎም አልነበረም፤ ማዳመጫውን አወለቁ።

ፈርሜ ወጣሁ፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ክላረንስ ፌርማታው ላይ ቆሞ፣
ያቋረጡትን ለቱየት ይነግራታል፣ ከሥሩ ጀምሮ፣ ደጋግሞ።
ማንም መብራት አላበራበትም። አውቶቡሱ ሲመጣም አላበቃም፤
ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቀ፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም።