የመመለሻው ጥርስ

ዕቁቤ ሲወጣ ሁሉም መካሪ ሆነ፤
እኅቴ «ፍሪጅ» አለች፤ ባሏ ቆርቆሮ ላይ ወሰነ።
እኔ ግን ሰባት ዓመት፣ ከአራዳ እስከ አዘዞ፣
በሚኒባስ ወንበር ላይ ጉልበቴ ታጥፎ ደንዝዞ፣
የረዳቱ ክርን ጆሮዬ ላይ ሲያርፍ፣
የተማሪ ፈተና እቅፌ ውስጥ ሲተጣጠፍ፣
በመስኮቱ ሳይ ነበር እነዚያን ልጆች፤
በኮርሳ ጎንበስ ብለው ቁልቁል የሚወርዱ፣
የወደቀ ሳንቲም እንደሚፈልጉ ሰዎች።

ስለዚህ «ኮርሳ» አልኩ።
ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤
በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ሚዛን መጠበቅ ገና የተማርኩ።
የእኅቴ ልጅ ይኄይስ ኮርቻውን ይዞ ሲሮጥ ከኋላዬ፣
ሦስት ሳምንት በጨለማ፣
ጉልበቴን እንደ ድንች ልጬ፣ ሰው እንዳይስቅ በላዬ።

ከጎሚስታው ጀርባ፣ ቅዳሜ ገበያ አፋፍ፣
ሦስት ብስክሌት አቁሟል ባዩህ፣ በሱቁ ደጃፍ።

አንዱ ቀይ ነው፤ አዲስ፤ ላስቲኩ ያልተላጠ፤
በአንድ ጣት አነሣሁት፤ ልቤም አብሮት ፈረጠጠ።
ባዩህ አየኝ። አየኝና ዋጋውን አልነገረኝም፤
«እኅቴ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ነገ አይገኝም።»

ሁለተኛው ነጭ፤ መሪው ቀጥ ያለ፣ ጎማው ወፍራም፤
«ይኼ ለጀማሪ ነው፤ አያስደነግጥም፣ አይጥልም፣ አይታማም።»

ሦስተኛው ሰማያዊ፤ ከግድግዳው ተጠግቶ፤
ብረት ነው፤ በሰው እጅ ኖሮ፣ ቀለሙ በላብ ተበልቶ።
አንድ ሰው «ዓ.ብ.» ብሎ በምስማር ጽፎበታል፤
ያ ሰው አሁን የት ይሆን? እግሩስ ከእኔ ይረዝማል?

አጣናው ከሳሙና በር መጣልኝ፣ ቁልፎቹን በኪሱ ይዞ።
ቀለም አላየም፤ ዋጋ አልጠየቀም፤
ጎማ አዙሮ ያዳምጣል፤ ሐኪም እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።
«ውጪበት» አለኝ። ቀዩ ላይ ወጣሁ፤ መሪውን ስይዝ
ሆዴ ብረቱ ላይ ተኛ፤ ጣቴ ግን ፍሬኑን አልይዝ።
«አየሽ? ቁመትሽን ሳይጠይቅ የተሠራ ነው።
ቅለቱስ እውነት ነው። ጥርሱን ግን ቁጠሪው።»

ተንበረከክኩ። የኋላው ትልቁ፣ ሃያ አምስት።
የሰማያዊው፣ ሠላሳ ሁለት።
ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ድምፄን አውጥቼ ቀነስኩ፤ «ሰባት።»
«ያ ዓ.ብ. አስለውጦት ነው» አለ፤ «ያውቅ ነበር ዳገት።

ወደ አዘዞ መውረዱን ማንም ያውቅበታል፤
ብረት ድስት ብትለቂ ራሱ ይደርሳል።
ማታ ግን፣ አምስት ክፍል አስተምረሽ፣ ድምፅሽ ተዘግቶ፣
ነፋሱ ሲሆን ፊት ለፊት፣
ከተማው ከላይ ተቀምጦ መብራቱን እያበራ ሲያይሽ፣
ብስክሌት የሚገዛው ለሷ ነው፤ ለዚያች ሰዓት።»

«ነጩስ?» አልኩት። «ነጩ አይከፋም» አለና ዝም።
ቆይቶ፣ «በመስኮት ሳይ ኖርኩ ያልሽኝ ግን ለዚህ አይደለም።»

ባዩህ ሰማያዊው ላይ ወዲያው ሁለት ሺህ ጨመረ፤
«በጎንደር ውዱ አሮጌ ነው፤ ግንቡን እዩ!» ብሎ ተከራከረ።
አጣናው ካቴናውን ጎተተ፤ ዝገቱን አሳየ፤
ባዩህ ዝም ብሎ የጫማውን ጫፍ አየ።
ሁለት ሺው ወረደ። አንድ ካላማዳሪያም መረቀልኝ።
ቀዩን ግን፣ አልዋሽም፣ ስወጣ ዞሬ አየሁት፤ አንጀቴን በላኝ።

በማግስቱ ወረድኩ። ማራኪን ሳልፍ ነፋሱ እንባዬን ወደ ጆሮዬ ነዳ፤
ልጆቹ የሚፈልጉት ሳንቲም ያ ኖሯል፤ አገኘሁት፣ ያለ ዕዳ።
ማታ ትልቁን ጥርስ አስገባሁ፤ ካቴናው ነከሰ፤
እንጨት የጫነች አህያ ቀደመችኝ፤
ነጂዋ «አይዞሽ» ብሎኝ ጅራፉን ወደ ትከሻው መለሰ።
ግማሽ ላይ ወረድኩ። ገፋሁት። ደግሞ ወጣሁበት።
እኅቴ በሩ ላይ ቆማ «ፍሪጁ መጣ?» አለች፤ ሳቀችበት።

እስከ ዛሬ አንድ ድምፅ አለው፤ ግራውን ስረግጥ «ጢቅ» ይላል፤
አጣናው ሁለቴ ፈታትቶ ገጥሞታል፤ ምንጩን ያጣዋል።
«ዓ.ብ. የረሳው ነገር ነው» ይላል፤ «ተዪው፤ ዳገቱን ቁጠሪበት።»
ትናንት ሦስት ሺህ ምናምን ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ፤
ቀና ስል ደጄ ነው፤ አንዴም ሳልወርድ ደርሼበት።